እርጥበት የሚጠጣው የጨው ውሃና ሙቀቱን የሚቀበልለት ሰም

በጋውን ሁሉ ደረቅ ሆኖ የከረመ ጨው ሐምሌ ሲገባ እንደሚረጥብ፥ ሲብስበትም በዕቃው ውስጥ እንደሚሟሟ የማያውቅ ባለቤት የለም። ይህም የሚሆነው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ ሲያልፍ የገበታ ጨው ከአየሩ ውሃ መጠጣት ስለሚጀምር ነው። ሊቲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ግን ከዚህ እጅግ የተጠማ ነውና የአየሩ እርጥበት ከመቶ 11 እጅ ጥቂት ካለፈ ጀምሮ ይጠጣል።

እኛ የጤና ሠራተኞች ስለዚህ ጨው መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥበት ባለበት ክፍል ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታም የአስም በሽተኛውን ትንፋሽ ያሳጥራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መምሪያ አውጥቷል። የተለመደው መሣሪያ አየሩን እስኪያዝ ድረስ አቀዝቅዞ ውሃውን ያንጠባጥበዋል፤ ነገር ግን ጠብታው የሚጠራቀምበት ሳሕን ካልጸዳ ራሱ የሻጋታ ማሳ ይሆናል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህን በዓይናችን አይተናል።

በሌላው ዘዴ የጨዉ ውሃ በስስ ሰሌዳዎች ላይ ሲወርድ አየሩ በአጠገቡ ያልፋል፤ እርጥበቱንም ለጨዉ ውሃ ትቶ ይሄዳል። የቀጠነው የጨው ውሃ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ የጠጣውን ወደ ውጭ ተንፍሶ እንደገና ለሥራ ይመለሳል። ለዚህም የፀሐይ ሙቀት ይበቃል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀቱን ይለቃል፤ አንድ ሊትር እርጥበት ብቻ የሚለቀው ሙቀት ሰባት ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃን ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። በዚህ ሙቀት የጨዉ ውሃ ይግላል፤ ከጋለም ጥማቱን ያጣል። ስለዚህ ራሱ ሳይግል ሙቀት የሚውጥ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ሰም እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ እሳት ቢጨመርለትም የሙቀቱ ልክ እምብዛም ከፍ አይልም። በ28 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው ዓይነት በሚያደርቀው ክፍል በኩል ይቀመጣል፤ የሌሊቱ ብርድም መልሶ ያረጋዋል። በ60 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው ደግሞ የቀኑን ፀሐይ አቆይቶ ማታ የጨዉን ውሃ ያሞቃል።

ሒሳቡን ግን መደበቅ አይገባንም። አንድ ኪሎ ፓራፊን ሲቀልጥ የሚውጠው 200 ኪሎጁል ያህል ነው፤ እንግዲህ የአንድ ሊትር እርጥበትን ሙቀት ለመቀበል 12 ኪሎ ሰም ይፈለጋል። ስለዚህ ሰሙ ሥራው የሚከብድባቸውን ጥቂት ሰዓታት ማሳለፊያ ነው እንጂ የማቀዝቀዣ ምትክ አይደለም። ሙቀትንም በቶሎ ስለማያስተላልፍ በስሱ መዘርጋት አለበት። ማሪያ ቴልክስ በ1948 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ በተሠራው ቤት በሰም ፈንታ የግላውበርን ጨው ተጠቅማ የፀሐይን ሙቀት አከማችታ ነበር፤ ጨዉ ግን ሲቀልጥና ሲረጋ ተለያይቶ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሥራውን አቆመ።

ሊቲየም ክሎራይድ ብረት ይበላል፤ ደቃቅ ጠብታውም ከአየሩ ጋር ሊያመልጥ ይችላል። መሣሪያው ሕሙማን ወደ ተኙበት ክፍል ከመግባቱ በፊት ሰሌዳዎቹ ከምን እንደ ተሠሩና የጠብታ መያዣው የት እንዳለ እንጠይቃለን።