ከልደታ ተነስቶ በሰላም ወደ ልደታ፦ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ለምትወዱ ሞተረኞች



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ዶክተር፣ አንተም ሞተር ትወዳለህ አሉ። ለእሁድ የትኛውን መንገድ ትመክረናለህ?» እውነት ነው፣ እወዳለሁ። ከልደታ ጫጫታ ወጥቶ ኮረብታ ለኮረብታ እንደመጠምዘዝ ጭንቅላት የሚያጸዳ ነገር ለእኔ የለም። ስለዚህ ዛሬ እንደ ሞተረኛም እንደ ሐኪምም እመልሳለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ እሁድ ማምሻውን የሚመጡ ሞተረኞችን «ወዴት እየሄዳችሁ ነበር?» ስላቸው፣ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «እየተመለስን ነበር» የሚል ነው። ጠዋት ትኩስ ሆኖ የወጣ ሰው፣ ማታ ደክሞት፣ በርዶት፣ ርቦት፣ ፀሐይ ስትጠልቅበት ተቻኩሎ ሲመለስ ይጎዳል። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ጉዞውን ስታቅዱ ከመመለሻው ጀምሩ። አገራችን ላይ ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ወይም ትንሽ ዘግይታ ነው። 11 ሰዓት ላይ ከተማ ለመግባት ስንት ሰዓት ላይ ፊታችሁን ማዞር እንዳለባችሁ አስሉና፣ የት ድረስ እንደምትሄዱ ከዚያ በኋላ ወስኑ።

የምወዳቸው ሦስት መንገዶች

1. እንጦጦ፣ ለግማሽ ቀን

ከልደታ በፒያሳ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ልደታ አካባቢ ያለው ከፍታ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የተቀመጡት እዚህ ነበር። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቡና ጠጥቶ፣ ከተማዋን ከላይ አይቶ ለመውረድ የሚመች ቦታ ሆኗል።

ጥንቃቄው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሯጮች አሉ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች አሉ። ሸክማቸው ወደ ጎን የተዘረጋ ስለሆነ ድንገት ዞር ሲሉ መንገዱን ይሞላዋል። ክላክስ እያስጮኻችሁ አታስደንግጧቸው፤ ቀስ ብላችሁ ራቅ አድርጋችሁ እለፉ።

2. ደብረ ሊባኖስ፣ ለአንድ ሙሉ ቀን

በአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም የሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን ማየት ብቻውን ጉዞውን ያካክሳል። መጨረሻ ላይ ሜዳው በድንገት ያልቅና ሸለቆው ይከፈታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ገዳም ከገደሉ ስር ይገኛል። ፖርቹጋል ድልድይ እየተባለ የሚጠራው የድንጋይ ድልድይም እዚያው አቅራቢያ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ጭላዳም ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ሲነጭ ታገኙታላችሁ። ምግብ አትስጡት፣ ለፎቶ ብላችሁም አትጠጉት። ቢነክስ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውስጥ የሚያስገባ ጣጣ ነው።

እዚህ መንገድ ላይ የሚያታልለው ሜዳው ነው። ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነት ያስለምዳል፣ ከብትና አህያ ደግሞ ሳይታሰብ አስፋልት ላይ ይወጣሉ።

3. ወንጪ፣ የአንድ ቀን ጉዞ ድንበር

ለልደታ ሰው በጣም የሚቀናው መውጫ ይሄ ነው። ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፤ ከወሊሶ ወደ ወንጪ ሽቅብ። አንድ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ያለው እንሰት… መናገር አይበቃም። ቦታው «ገበታ ለሀገር» ውስጥ ከገቡት ሦስት ፕሮጀክቶች አንዱ ነው።

ግን ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በአማካይ በሰዓት 50 ብትነዱ ኮርቻ ላይ ብቻ 6 ሰዓት ማለት ነው። ልምድ ለሌለው ሰው ይሄ ብዙ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ካልተነሳችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት።

የአንድ ቀን ያልሆኑት

«የዓባይ በረሃስ? ጣርማ በርስ?» ትሉኛላችሁ። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ግን የአንድ ቀን መንገድ አይደሉም። ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን ብቻ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ እየተጠማዘዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ መልሳችሁም ትወጣላችሁ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ ጠዋት በብርድ ስትንቀጠቀጡ የነበራችሁ ሰዎች እታች በሙቀት ትበስላላችሁ። ጃኬት ውስጥ ላብ እያላበ ውኃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ራስ ምታትና መፍዘዝ ይጀምረዋል። እንዲህ ያለውን ጉዞ አዳር አድርጉት። አዳሩን ግን ደጋ ላይ እንጂ እታች በረሃው ውስጥ አታድርጉት፣ ወባ አለ።

ለሁሉም መንገድ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ጋ ደውሉ። «ዛሬ ባይሆን ይሻላል» ካሏችሁ እሺ በሉ፣ እንጦጦ የትም አይሄድም። የሞተሩም የእናንተም ወረቀት የተሟላ ይሁን፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ሞተር በፈቃድ እንደሆነ አትርሱ።

ሰውነታችሁን አዘጋጁ

ብርድ፦ ቴርሞሜትሩ 10 ዲግሪ በሚያሳይበት ጠዋት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ፣ ቆዳችሁ የሚሰማው 5 ዲግሪ ያህል ነው። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ጓንት የግድ ነው። ጣታችሁ መደንዘዝ ሲጀምር ቁሙ፣ አሙቁ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ።

ፀሐይ፦ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለበረዳችሁ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም።

ምግብ፦ ጾም ላይ ሆናችሁ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምሱ መንዳት ካሰባችሁ፣ ጉዞውን ከጾም ውጪ ላለ ቀን አድርጉት። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ተለኩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ያዙ።

እንቅልፍ፦ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የምላሽ ፍጥነቱ መጠጥ እንደቀመሰ ሰው እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ቅዳሜ ማታ ሰርግ አምሽቶ እሁድ ንጋት ላይ ኮርቻ መውጣት አይሆንም። «ጫት ያነቃኛል» የምትሉም አላችሁ። ምርቃናው እያለ ሰው የሌለውን ድፍረት ይሰጣል፣ ሲለቅ ደግሞ ድካሙ በአንዴ ይወርዳል። የሚለቀው ደግሞ ስትመለሱ ነው።

መድኃኒት፦ ብዙዎቹ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። ጠዋት ከዋጣችሁ ሞተሩ ቤት ይዋል። መጠጥማ አንድ ብርሌ ጠጅም ቢሆን፣ አይሆንም!

ሄልሜት፦ ለነጂውም ለተፈናጣጩም

የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድም መድኃኒት በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰጥ አላየሁም።

ግን ሄልሜቱ ጭንቅላት ላይ መሆን አለበት። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ክርን ነው የሚያድነው! ማሰሪያውን ጠብቆ ሲታሰር ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቷችኋል። አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቷልና ይጣል። ከኋላ ለሚፈናጠጠው ሰው ሁለተኛ ሄልሜት ከሌለ ሁለተኛ ሰው የለም።

ኩርባ ላይ

• ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ነው።

• ዓይናችሁ ገደሉ ላይ ሳይሆን ኩርባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይሁን። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

• በሰዓት 60 ስትነዱ፣ እንቅፋቱን አይታችሁ ፍሬን እስክትይዙ ድረስ ብቻ 25 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። በ40 ግን 17 ሜትር ነው። በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

• ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ፍሬን ሳትለቁ ብትወርዱ ይግልና መያዝ ያቆማል።

• ከፊት አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ካለ ኩርባ ላይ አትቅደሙ። እናንተን ሳያይ ነው የሚሰፋው። አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ ምንም አይጎድልባችሁም።

አደጋ ቢደርስ

የኛ ሰው ደግ ነው፣ የወደቀ ሲያይ ሮጦ ያነሳል። ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው። እባካችሁ ይሄን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

👉 መጀመሪያ መኪና አስቁሙ። ከኩርባው በፊት ሰው ቆሞ ምልክት ይስጥ፣ ሁለተኛ አደጋ እንዳይመጣ።

👉 ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ደውሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ።

👉 የተጎዳውን ሰው ብድግ አታድርጉት፣ አታስቀምጡት። ጭንቅላቱና አንገቱ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ይያዝ። አምቡላንስ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ብዙ ሆናችሁ በአንድ ጊዜ አንሥታችሁ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኙት።

👉 ሄልሜቱን አታውልቁ። መስታወቱን ብቻ ክፈቱለት። መተንፈስ ካቃተው ግን ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ አንገቱን ደግፎ ሌላው በቀስታ ያውጣው።

👉 የሚደማውን ቦታ በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። ቡና አትነስንሱበት። ውኃም ምግብም አትስጡት፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

👉 የተሰበረ አጥንት ለወጌሻ አይሰጥም። ታሽቶ ጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ይቋረጥና፣ በጄሶ ይድን የነበረ እግር እስከመቆረጥ ይደርሳል።

በመጨረሻም «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ሰው አትመኑት። ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚደማ ደም ለሰዓታት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የንግግር መንተባተብ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የዓይን ብሌኖች መበላለጥ ካያችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል!

በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ዋነኛው የሞት ምክንያት ይሄው ነው። ይሄ የእኔም የአብዛኞቻችሁም ዕድሜ ነው። እኔ ሞተር አትንዱ አልልም፣ ራሴም አልተውኩም። የምለው፣ ወንጪም ደብረ ሊባኖስም ነገ እዚያው ናቸው፤ 8 ሰዓት ላይ «ትንሽ እንቀጥል» የሚል ጓደኛ ሲመጣ፣ ሰዓታችሁን አሳዩትና ሞተሩን ወደ ቤት አዙሩት።

ሞተር ለሚነዳ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ይሄን ጽሑፍ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።

መልካም መንገድ፣ መልካም ጤና!