የጋራ ኮድ ለውጥ ኃላፊነት

የጋራ ኮድ ለውጥ ኃላፊነት የሚባለው፣ ብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች በአንድነት የሚጠቀሙበትን የስርዓተ ክወና ኮድ ወይም መረጃ የቀየረ ሰው፣ ለውጡ በሌሎች ማሽኖች ላይ ለሚያመጣው ብልሽት የሚጠየቅበት የአሠራር ደንብ ነው። እንደ ሊኑክስ ያለ ስርዓተ ክወና በእጅ ስልክ፣ በላፕቶፕ፣ በሰርቨርና በዋይፋይ ራውተር ላይ ይሠራል። የፋይል፣ የኔትወርክና የማህደረ ትውስታ አያያዙ አብዛኛው ክፍል ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ ተሞክሮ ደህና የሆነ ለውጥ ሌላው ላይ ሊሰናከል ይችላል።

የብልሽቱ ምክንያቶች

ፕሮሰሰሮች በብዙ ነገር ይለያያሉ። ዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- የባይት ቅደም ተከተል፦ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የአንድን ቁጥር ትንሹን ባይት አስቀድመው ያስቀምጣሉ። የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች ግን ትልቁን ያስቀድማሉ።
- የቁጥር ስፋት፦ በሲ ቋንቋ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት በ32 ቢት ሊኑክስ 4 ባይት፣ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው።
- የጽሕፈት ቅደም ተከተል፦ በኢንቴል ማሽን አንዱ ኮር በተከታታይ የጻፋቸውን ነገሮች ሌላው ኮር በዚያው ቅደም ተከተል ያያቸዋል። በአርም ፕሮሰሰር ግን ፕሮግራሙ በግልጽ ካላዘዘ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላል።

ደንቡ በሊኑክስ

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ለኢንቴል 386 ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ቅጽ 1.2 አልፋ፣ ስፓርክና ሚፕስ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ጨመረ። ፕሮሰሰሮቹ ሲበዙ ሁለት ደንቦች ጸኑ። አንደኛው፣ የከርነሉን ውስጣዊ በይነገጽ የቀየረ ሰው፣ በይነገጹን የሚጠቀመውን በከርነሉ ውስጥ ያለ ኮድ ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ሁለተኛው፣ ትናንት ይሠራ የነበረ የተጠቃሚ ፕሮግራም በአዲሱ ከርነል መሥራቱን መቀጠል አለበት፤ ካልሠራ ለውጡ ይታረማል ወይም ይመለሳል።

ይሁን እንጂ አንድ ፕሮግራመር ሁሉንም ዓይነት ማሽን ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ ይከፋፈላል። ቀያሪው ኮዱን ያስተካክላል፤ የየፕሮሰሰሩ ኃላፊዎች ደግሞ በእጃቸው ባለው ማሽን ይሞክሩታል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ሊኑክስ ኔክስት» በተባለው ስብስብ ውስጥ ለውጦች ወደ ዋናው ኮድ ከመግባታቸው በፊት ተዋህደው ይፈተናሉ። ከዋናው ኮድ ውጭ በአምራቾች የተያዘ ኮድ ግን በዚህ ደንብ አይጠበቅም፤ ለውጡን ተከትሎ ማስተካከል የአምራቹ ሥራ ነው።

ተጠቃሚና ጠባቂ ያጣ ፕሮሰሰር በመጨረሻ ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቅጽ 4.17 የ8 ፕሮሰሰር ዓይነቶች ኮድ ወጥቷል። ኢታኒየምም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣው ቅጽ 6.7 ተሰናብቷል።

የአዲስ አበባ ሰዓት

ኃላፊነቱ በኮድ ብቻ አይወሰንም። ሊኑክስ፣ አንድሮይድና የአፕል ስርዓቶች የዓለምን ሰዓት የሚያሰሉት «ቲዜድ» ከተባለ አንድ የጋራ መረጃ ቋት ነው። በዚህ ቋት ውስጥ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» የሚለው ስም ቀድሞ የራሱ ታሪክ ነበረው፦ እስከ ግንቦት 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይቀድማል፤ ከዚያ ወዲህ በ3 ሰዓት። ኋላ የቋቱ አዘጋጆች፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ከተሞችን ሲያጣምሩ፣ የአዲስ አበባ ስም ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ሆነ። የቀድሞው ታሪክ «ባክዞን» ወደተባለ ፋይል ተዛወረ።

ስሙ ስላልጠፋ የትኛውም ፕሮግራም አልቆመም፤ የዛሬው ሰዓትም ትክክል ነው። ነገር ግን የናይሮቢ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1937 መጀመሪያ እስከ ሐምሌ 1942 መጨረሻ ከግሪኒች የሚቀድመው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነበር። አንዳንድ የስርዓተ ክወና አከፋፋዮች ባክዞንን ይጨምራሉ፤ ሌሎች አይጨምሩም። በዚህም በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የ15 ደቂቃ ልዩነት ይፈጠራል።

ልዩነቱ የሚጎዳው አዛውንቶችን ነው። ለምሳሌ በዘነበወርቅ የሚኖሩ አንድ እናት ጥቅምት 10 ቀን 1931 ዓ.ም. ተወለዱ እንበል። ባክዞን ባለው ኮምፒውተር ላይ ልደታቸው «የዕለቱ እኩለ ሌሊት» ተብሎ በግሪኒች ሰዓት ቢቀመጥ፣ ባክዞን የሌለው ሌላ ኮምፒውተር ሲያነበው ከእኩለ ሌሊት 15 ደቂቃ በፊት ያደርሰዋል። ስለዚህ የልደት ቀናቸው ጥቅምት 9 ሆኖ ይታያል። የሕክምና ካርዳቸውና መታወቂያቸው ላይ ያለው ቀን አንድ ሳይሆን ይቀራል።

እዚህ ላይ ተጠያቂው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የቋቱ አዘጋጆች ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ያለው ታሪክ ከዋና ዓላማቸው ውጭ መሆኑን አስቀድመው ገልጸዋል። አከፋፋዩ ባክዞንን የመጨመርና የመተው ምርጫ አለው። ፕሮግራም ጸሐፊው ደግሞ የልደት ቀንን ሰዓት በሌለው ቀን ብቻ ቢያስቀምጥ፣ የጋራው መረጃ ቢለወጥም ባይለወጥም ቀኑ አይዛባም።