ስለ እንሰት በሽታና ስለ አዲሱ የዘር ጥበብ

የጉራጌ ቤት ሀብት የሚታወቀው በጓሮው እንሰት ነው። ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ የሚሄድ መንገደኛ በየቤቱ ጓሮ ተደርድሮ የሚያየው ሰፊ ቅጠል፤ ለቤተ ሰቡ ቆጮና ቡላ፤ ለገበያ ቃጫ፤ ለከብቱም መኖ የሚሆን ነው። አንዱ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይቈያልና፤ ዛሬ በገበታ የሚቀርበው የብዙ ዓመት ድካም ነው።

ይህን ድካም ከንቱ የሚያደርግ አንድ ክፉ በሽታ አለ። መካከለኛው ቅጠል ይገረጣል፤ ይጠወልጋል፤ ግንዱም ሲቈረጥ ብጫ መሳይ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ምክንያቱ በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ መሆንዋን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ጽፈው አስታወቁ። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ይልቁንም የሚያሻግራት ያልጸዳ ቢላዋና የታመመ ችግኝ ነው።

በወልቂጤ አቅራቢያ ከአንዲት እናት ቤት ገብተን ሳለን፤ ጎረቤታቸው የእንሰት ቢላዋ ልትዋስ መጣች። እኚህም እናት ከለከሏት፤ ኋላም አፍረው አለቀሱ። «የኔ እንሰት ሲደርቅ ዐይቻለሁ፤ ብሰጣት የርስዋም ይደርቃል» አሉን። በሽታው ጓሮን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናንም እንደሚያደርቅ ያን ጊዜ ተረዳን።

በሽታውን የሚችል ዘር ስለ ምን አይዳቀልም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንሰት የሚባዛው በፍሬው ሳይሆን ከተቀበረው ከእናቲቱ ሥር በሚበቅል ችግኝ ነውና፤ ልጅዋ እናትዋን ትመስላለች። አብዛኛውን ጊዜም ሳያብብ ስለሚቈረጥ ማዳቀሉ እጅግ አድካሚ ነው። በወላይታ የታወቀው ማዝያ የሚባለው ዘር ከሌሎቹ ይልቅ ቢታገሥም፤ ፈጽሞ የማይነካ አይደለም።

ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ መንገድ ፈለጉ። ከፈረንጅ ቃሪያ ሁለት ዘረ መል ወስደው የእንሰት ዘመድ በሆነው በሙዝ ውስጥ አስገቡ። ይኸውም ባክቴሪያዋ ስትገባ ተክሉ የተነካውን ክፍል ፈጥኖ በመግደል መንገድ እንዲዘጋባት ነው። በኡጋንዳ እርሻ ተፈትኖ በሽታውን የተቋቋሙ ሙዞች መገኘታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ታተመ። ይህንኑ ጥበብ ለእንሰት ለማዋልም ምርምር ተጀምሯል።

የሆነ ሆኖ የአባት የእናት ዘር በችኰላ የሚለወጥ ነገር አይደለም። በአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655/2001 እንዲህ ያለው ተክል ያለ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። እኛም ከሊቃውንቱ ምርመራ ጋር፤ ቆጮውን የሚፍቁትና ጣዕሙን የሚለዩት እናቶች ምስክርነት ይሰማ ዘንድ እናሳስባለን።

እስከዚያው ድረስ ቢላዋን በእሳት ማጋል፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፤ ችግኝን ከጤነኛ ጓሮ ማምጣት ይገባል። ቢላዋው በእሳት ከጋለና ከጸዳ፤ ለጎረቤት መስጠት እንደ ቀድሞው በጎ ሥራ ይሆናል።