ለትምህርት ቤቱ የተላከው ገንዘብ የት ደረሰ?

 

ባለሥልጣን የሕዝብ አማና ተሸካሚ ነው እንላለን። ታዲያ ምን ያህል እንደተረከበ ሳናውቅ በምን እንጠይቀዋለን? የኡጋንዳን ትምህርት ቤቶች ጉዳይ እንመልከት።

የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔና ለመሳሰሉት የሚውል ድጎማ ይመድብ ነበር። ገንዘቡ ያልፍ የነበረው በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ነው። እስከ 250 ትምህርት ቤቶች ወርደው ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ያለውን ሂሳብ የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙት ውጤት ያስደነግጣል፤ ከተላከው ውስጥ በአማካይ የደረሰው ከመቶ 13 ብቻ ነበር! አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እንዲያውም ምንም አላገኙም። ወላጆቻቸው አቅም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ተሟግተው የተሻለ ያገኙ ነበር። የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው? ያው ወላጅ ነው፤ ከኪሱ። ደግሞም ብዙው ወላጅ ድጎማው መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። ያላወቀውን ሐቅ ማን ይጠይቃል?

ይህ ከታወቀ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከመቶ 80 ገደማ ሆነ። በእርግጥ በዚያው ዘመን ሌሎች ማሻሻያዎችም ስለነበሩ ሁሉንም ለጋዜጣው መስጠት ይከብዳል፤ አጥኚዎቹም ተከራክረውበታል። ሆኖም ጋዜጣ ከሚሸጥበት ቦታ አጠገብ ያሉት ትምህርት ቤቶች ከራቁት ይልቅ ድርሻቸው በብዙ ጨምሮ ተገኝቷል።