የጀልባ መሪ ሲከብድ፡ ግራሶ ወይስ አዲስ ኬብል?

ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ የሐዋሳን ሐይቅ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ጀልባ ማለት ሽርሽር ነው፡፡ ከፍቅር ሐይቅ ወይም ከአሞራ ገደል ተነስቶ፣ ጉማሬ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ መመለስ ነው፡፡ በሙያዬ መካኒካል መሐንዲስ በመሆኔና መኖሪያዬም ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለሆነ የዕረፍት ቀኔን አብዛኛውን ጊዜ የማሳልፈው ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ባለቤቶችና ከሹፌሮቻቸው ጋር ነው፡፡ ተሳፋሪዎች ስለ ዋጋው፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ አንዳንዴም ስለ ላይፍ ጃኬቱ ሲጠይቁ እሰማለሁ፡፡ ስለ መሪው የጠየቀ ግን አንድም ሰው አላጋጠመኝም፡፡

ከሁሉም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን እሱ ነበር፡፡ ሞተር ቢጠፋ ጀልባው ይቆማል፤ በመቅዘፊያም ሆነ በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ይመለሳል፡፡ ጀልባው እየበረረ ሳለ መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ቢበጠስ ግን ሞተሩ በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ ጀልባውም በድንገት ይታጠፋል፡፡ ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ተወርውሮ የሚወድቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፡፡ ያውም ጉማሬ ባለበት ውኃ ውስጥ!

ይህ ኬብል ሳያስጠነቅቅ የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው፡፡ አስቀድሞ መሪው ይከብዳል፡፡ ሐይቁ ዳር የተለመደው መድኃኒት ደግሞ ጫፉን ግራሶ ቀብቶ፣ መሪውን በጉልበት ግራና ቀኝ አዙሮ «ለቀቀ» ማለት ነው፡፡ እኔ በዚህ አልስማማም፡፡ ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት የኬብሉን አሠራር ማየት ያስፈልጋል፡፡ (በሞተሩ ላይ በተገጠመ እጀታ የሚነዱትን ጀልባዎች ጉዳዩ አይመለከታቸውም፤ የማወራው የመኪና ዓይነት መሪ ስላላቸው ነው፡፡)

ብዙ ሰው ይህን ኬብል ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጋር ያመሳስለዋል፡፡ ልዩነቱ ትልቅ ነው፡፡ የፍሬን ሽቦ የሚሠራው በመሳብ ብቻ ሲሆን፣ መልሶ የሚያመጣው ስፕሪንግ ነው፡፡ የጀልባ መሪ ኬብል ግን ይስባልም ይገፋልም፡፡ ከመሪው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ያለው ጥርስ የኬብሉን ውስጠኛ ክፍል ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል፡፡ በሌላኛው ጫፍ ያለው የማይዝግ ብረት ዘንግ፣ ሞተሩ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ማንጠልጠያ ቱቦ ውስጥ አልፎ በአጭር ማያያዣ ክንድ አማካይነት ሞተሩን ያዞረዋል፡፡ ስለዚህ በሞተር ሳይክል ወይም በመኪና ሽቦ ለመተካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፡፡ የሚሳብ ሽቦ ሲገፋ ይታጠፋል እንጂ ሞተር አያዞርም፡፡

እንግዲህ ኬብሉ የሚከብደው ውኃ ወደ ላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ሲገባ ነው፡፡ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ የመንቀሳቀሻውን ክፍተት ያጠበዋል፡፡ ባለጀልባዎቻችን «የእኛ ሐይቅ ጨው የለውም» ብለው ይጽናናሉ፡፡ ከባሕር ጋር ሲነጻጸር እውነት ነው፡፡ ነገር ግን ብረት ለመዝገት እርጥበትና አየር ይበቃዋል፡፡ በዚያ ላይ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፡፡ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰሞን ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የቆመ ጀልባ ደግሞ የባሰ ይጎዳል፡፡ ከውጭ የተቀባው ግራሶ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ዝገት ዘንድ አይደርስም፡፡ አምራቾቹም ቢሆኑ ውኃ የገባው ኬብል ይቀየራል እንጂ አይጠገንም ይላሉ፡፡

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ጥፋቱ የኬብሉ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፡፡ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይነቀል፡፡ ማያያዣው ክንድ ከሞተሩ ይፈታና ሞተሩ በእጅ ግራና ቀኝ ይገፋ፡፡ በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፡፡ የማይዞር ከሆነ ግን የደረቀው የሞተሩ መዞሪያ ነውና እዚያ ላይ ግራሶ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ኬብል መግዛት አያስፈልግም፡፡ ክንዱ ተፈትቶም መሪው ከከበደ ችግሩ ያለው በኬብሉ፣ በቱቦው ወይም በመሪው ሳጥን ነው፡፡ ኬብሉ ከሳጥኑ ከተለየ በኋላ መሪው በነፃነት ከዞረ ሳጥኑም ከጥርጣሬ ይወጣል፡፡ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ ላይ ዝገትና ጉድጓድ ከታየ ግን ብዙ መመራመር አያሻም፡፡

ትልቁ ራስ ምታት የሚጀምረው ሲገዛ ነው፡፡ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተሳስቶ መግዛት ኪስ ይጎዳል፡፡ አንድ የማውቀው ባለጀልባ በሰው በሰው ከዱባይ ያስመጣው ኬብል ሁለት ጫማ አጥሮ ተገኘ፡፡ መለኪያ ብሎ የላከው ከመሪው እስከ ሞተሩ በቀጥታ በሜትር የዘረጋውን ነበር፡፡ ሻጩም አልመለሰለትም፡፡

ትክክለኛው ዘዴ እንዲህ ነው፡፡ አስቀድሞ በአሮጌው ኬብል ሽፋን ላይ፣ በመሪው በኩል፣ የታተመ ቁጥር ይፈለግ፡፡ በቴሌፍሌክስ ምርቶች ላይ ለምሳሌ ኤስኤስሲ 6213 የሚል ካለ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ርዝመቱን ይነግራሉ፤ 13 ጫማ ማለት ነው፡፡ (ቴሌፍሌክስ በሚል ስም የሚፈልግ ሰው ላያገኝ ይችላል፡፡ የባሕር ዕቃው ዘርፍ ሲስታር ሶሉሽንስ ተብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድኑ ዶሜቲክ ገዝቶታል፡፡) ፊት ያሉት አሃዞችም ችላ አይባሉ፡፡ 61 እና 62 ርዝመታቸው እኩል ቢሆን እንኳ በመሪው ሳጥን በኩል ያለው አገጣጠማቸው ይለያያል፡፡

ቁጥሩ ከጠፋ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ በፀሐይ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፣ ኬብሉ ወጥቶ ይለካ፡፡ የሚለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም፤ የላስቲክ ሽፋኑ ርዝመት ብቻ ነው፡፡ የመሪው ሳጥን ክብ ከሆነ በዚያ ላይ 18 ኢንች ይደመራል፡፡ ሳጥኑ ረዥም ሆኖ ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ከሆነ ደግሞ 30 ኢንች፡፡ የተገኘው ወደሚቀጥለው ሙሉ ጫማ ከፍ ይደረጋል፡፡ ሽፋኑ 3 ሜትር ከ50 ሆነ እንበል፡፡ 18 ኢንች ማለት 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ድምሩ 396 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፡፡ አንድ ጫማ 30.5 ሳንቲ ሜትር ነውና የሚታዘዘው 13 ጫማ ነው፡፡ ይህ ስሌት ለነዚህ ምርቶች የወጣ በመሆኑ የሌላ አምራች ኬብል የሚገዛ ሰው የዚያን አምራች ሰንጠረዥ ማየት አለበት፡፡ የተላላከው ሰው እንዳይሳሳት ደግሞ የሁለቱን ጫፎች ፎቶግራፍ አብሮ መላክ ነው፡፡ ለሐምሌና ለታኅሣሥ ገብርኤል ከተማዋ በእንግዳ ስትጥለቀለቅ ጀልባዬ ይሥራልኝ የሚል ባለቤት ከወራት በፊት ቢያዝ ይሻለዋል፡፡

የማውጣቱ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይጠይቅም፡፡ ጀልባው ከውኃ ቢወጣ ይመረጣል፡፡ ክንዱ ይፈታል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ኬብሉን የያዘው ትልቁ ዳዶ ይፈታል፣ ዘንጉም ይሳባል፡፡ አልወጣም ካለ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቶ ማሳደር፣ በማግስቱም በእንጨት ወይም በነሐስ ዘንግ ቀስ እያሉ መምታት ነው፡፡ በእሳት ማሞቅ ግን ቤንዚን አጠገብ ነውና አይሞከር፡፡ በአንዳንድ ጀልባ የኋላው ግድግዳ ዘንጉን ለማውጫ ቦታ ስለማይሰጥ ሞተሩ መነሳት ይኖርበታል፡፡ አሮጌውን ከጀልባው ጎን ውስጥ ከመሳብ በፊት ጫፉ ላይ ሲባጎ ማሰር ደግሞ የግማሽ ቀን ልፋት ያስቀራል፤ አዲሱ የሚገባው በዚያው ሲባጎ ተጎትቶ ነው፡፡

ብዙዎች የሚዘሉት ቱቦውን ማጽዳት ነው፡፡ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠጠረ አሮጌ ግራሶ ይኖራል፡፡ ናፍጣ በነካው ጨርቅና በሽቦ ብሩሽ ንፁህ ብረት እስኪታይ መፈግፈግ አለበት፤ አለዚያ አዲሱም ኬብል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከብዳል፡፡ ከዚያ ዘንጉ ውኃ የማያጥበው የጀልባ ግራሶ ተቀብቶ ይገባል፡፡ በመንገዱ ላይ ኬብሉ ሹል እጥፋት እንዳይኖረው ያስፈልጋል፤ የመታጠፊያው ሬዲየስ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፡፡ ማያያዣው ክንድ ላይ ያሉት ባለ ናይለን ዳዶዎች አንዴ ከተፈቱ በኋላ በአዲስ ይተኩ፡፡ ተራ ዳዶ በሞተሩ ንዝረት ይላላል፤ እሱ ከወለቀ ደግሞ ኬብሉ አዲስ መሆኑ ምንም አይጠቅምም፡፡

ሲያልቅ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ ሞተሩ ወርዶም፣ ወደ ላይ ታጥፎም፡፡ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ፕሮፔለሩም ወደ ቀኝ መሄድ አለበት፡፡ ኬብሉ የሚወጠርበት ወይም የቤንዚን ቱቦ የሚነካበት ቦታ ካለ አሁኑኑ ይስተካከል፡፡ የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ተሳፋሪ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በዝግታ ቢሆን ይመረጣል፡፡

ከዚያ በኋላ ግራሶ የራሱ ቦታ አለው፡፡ ቱቦው ላይ ባለው መርፌ በየጊዜው ይሰጣል፤ ነገር ግን ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው ገብቶ ሳለ ብቻ፡፡ ዘንጉ ወጥቶ ሳለ የተሞላ ግራሶ መውጫ አጥቶ መሪውን ሊቆልፈው ይችላል፡፡ የወጣውን አሮጌ ኬብል ደግሞ እኔ ሁለት ቦታ በመጋዝ ሳልቆርጥ አልጥለውም፡፡ «ብዙ ያላገለገለ» ተብሎ እዚያው ሐይቁ ዳር ሲሸጥ አይቻለሁና፡፡