የአገር ቤት ነጭ ሽንኩርትና የገበያው፦ በኬሻ ተክለን እናነጻጽር



በኢምባካሲ ገበያ በስዋሂሊ «ኪቱንጉ ሳኡሙ» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ሽንኩርት አብዛኛው ከቻይና የሚመጣ ነው። ራሱ ትልቅ፣ መልኩ ነጭ፣ ለመላጥም ቀላል ነው። እናቶቻችን ግን «ለበርበሬና ለቅቤ ማንጠሪያ የአገር ቤቱ ትንሹ ይሻላል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው ወይስ ናፍቆት? ሁለት ኬሻ አፈር ያለው ቤተሰብ ሁሉ ራሱ መርምሮ ሊያውቀው ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት በዘር አይራባም

ጤፍና በርበሬ የሚዘሩት በዘራቸው ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ዘር መስጠት የሚችሉ ተክሎች ያገኙት ከጥንት መገኛው ከማዕከላዊ እስያ ባመጡት ዝርያ ነው። እኛ የምንተክለው ፍልቃቂውን ነው። ከአንድ ፍልቃቂ የሚበቅለው ራስ የእናቱ ትክክለኛ ግልባጭ ነው። ስለዚህ አንድ ነባር ዝርያ የሚኖረው ሰው በየዓመቱ መልሶ ሲተክለው ብቻ ነው። ሁሉም ከተበላ ወይም ከደረቀ ዝርያው ከዚያ ቤት ይጠፋል።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ገበሬው እየመረጠ ያቆያቸው ብዙ ዓይነቶች አሉ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም «ቢሾፍቱ ነጭ»፣ «ፀደይ 92» እና «ኩሪፍቱ» የተባሉትን አውጥቶ ለገበሬዎች አቅርቧል።

ቦታው ለውጥ ያመጣል

ነጭ ሽንኩርት ራስ ቋጥሮ በፍልቃቂ እንዲከፋፈል ጥቂት ሳምንታት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የቀን ርዝመትም ይረዳዋል። ቅዝቃዜ ካነሰው ሳይከፋፈል አንድ ክብ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ኢምባካሲ የሚገኘው የጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ 1,624 ሜትር ላይ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ስለሆነች ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ነው። በመሆኑም በአገር ቤት የታወቀ ጥሩ ዝርያ እዚህ ቢያንስ ጥፋቱ የዝርያው ላይሆን ይችላል። መፍትሔው በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ተክሎ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን የናይሮቢን ቅዝቃዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

የኢምባካሲ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ሲዘንብ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ነጭ ሽንኩርትን ይጎዱታል። ኬሻ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ጥንቃቄ፦ ከፍልቃቂው ጋር የሚመጣ በሽታ

በነጭ ሽንኩርት ላይ ከሚደርሱት በሽታዎች ክፉው ነጭ አበስብስ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ ጥቁር ፍሬዎች ይታያሉ። እነዚህ ፍሬዎች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ቀይ ሽንኩርትንም ያጠቃሉ። ስለዚህ የሚተከል ነገር ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር የሕግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን መሬት የማበላሸት ጉዳይም ነው። በኬንያ ፈቃዱን የሚሰጠው የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኬፊስ ነው። በእጃችሁ ያለውንም፣ ከገበያ የገዛችሁትንም ቢሆን መጀመሪያ መሬት ላይ ሳይሆን በኬሻ ትከሉ። የታመመ ከታየ ከነአፈሩ ለይታችሁ አስወግዱ፤ አፈሩን ጓሮ ላይ አትድፉ።

አሠራሩ

1. ለየዓይነቱ አንድ ኬሻ አዘጋጁ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድብልቅ፣ ማለትም በአፈር፣ በአሸዋና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ሙሉ። ውኃ እንዲወርድ ከታች ቅደዱ።
2. ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፍልቃቂዎችን ምረጡ። ትልቁን ከትንሹ ጋር ማወዳደር ፍርድ ማዛባት ነው።
3. ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት፣ በአንድ ቀን ትከሉ። በየኬሻው ላይ ስምና ቀን ጻፉ። የገበያው ካልበቀለ እንዳይበቅል የታከመ ሊሆን ይችላል።
4. ሁለቱንም እኩል ፀሐይና እኩል ውኃ ስጡ። ዕቃ ያጠባችሁበትን የሳሙና ውኃ አትጠቀሙ።
5. የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ ውኃ አቁሙ። ነቅላችሁ ጥላ ሥር ሁለትና ሦስት ሳምንት አድርቁ።

ምን እንመዝግብ?

የራሱን ክብደት፣ የፍልቃቂውን ብዛት፣ ለመላጥ የሚወስደውን ጊዜና ሳይበላሽ የሚቆይበትን ወራት ጻፉ። ለጣዕሙ ከሁለቱም እኩል ወቅጣችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ያልተነካ ፍልቃቂ ብዙ አይሸትም፤ ኃይለኛው ሽታ የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው። ከዚያም እናቶች የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው ቀምሰው ይፍረዱ።

መልመጃ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተሰጡ ናቸው)

አንድ ቤተሰብ ከአገር ቤቱ 10 ራስ፣ በጠቅላላው 200 ግራም አገኘ። ከገበያው ዓይነት ደግሞ 10 ራስ፣ በጠቅላላው 400 ግራም አገኘ። ከ4 ወር በኋላ ከመጀመሪያው 1 ራስ፣ ከሁለተኛው 4 ራስ ተበላሸ።
ሀ) ከእያንዳንዱ ስንት ግራም ቀረ?
ለ) የአገር ቤቱ 1 ማንኪያ የገበያውን 2 ማንኪያ ያህል ቢያጣፍጥ፣ ለወጡ የሚበረክተው የትኛው ነው?

ወላጆች ሆይ፤ መከሩ ሲደርስ ትልልቁን ራስ መጀመሪያ ወደ ድስት ማስገባት የተለመደ ነው። ምርጦቹን ሦስት ወይም አራት ራሶች ግን ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ አንጠልጥለው ለሚቀጥለው ተከላ ያቆዩአቸው። ዝርያው የሚተርፈው በእነዚያ ራሶች ነው።