የዶሮ ወጥ በይፋት ቆላ፤ ስለ አሠራሩና ስለ ባራኪው

በአውሮፓና በአሜሪካ የብዙ ቤት የእሑድ ምሳ የሚሆን አንድ የታወቀ ምግብ አለ። ዶሮው ሳይቈራረጥ ከነቆዳው፥ ከሥሩ ድንችና ካሮት ሽንኩርትም ተደርጎለት፥ በአንድ መጥበሻ ወደ ጋለ ምድጃ ይገባና ከአንድ ሰዓት በላይ ቈይቶ ይወጣል። በኢትዮጵያ ከተሞችም ምግብ ቤቶች የዚህን ወገን ጥብስ በጣሊያንኛው ስም «አሮስቶ» ብለው ያቀርቡታል። በይፋት ቆላ ያለ ቤት ግን ዶሮንና አትክልትን በአንድ ዕቃ የሚያበስለው በሌላ መንገድ ነው። ድስቱ በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ እሳቱ ከታች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አትክልቱ አስቀድሞ ለብቻው ይበስላል፥ ዶሮው በመጨረሻ ይገባል። ይህ የማጀት ልዩነት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን እሳቱ ገና ሳይነድ የሚወሰን ነው፤ ይኸውም ዶሮውን ማን ይባርከዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከጣርማበር ቁልቁለት በታች፥ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ በኩል የደጋው ገደል ይታያል፤ በምሥራቅ በኩል ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ገበሬው ማሽላና ማሾ ይዘራል፤ በሮቢ ወንዝና በሌሎች ጅረቶች መስኖ ሽንኩርት ያለማል። የአካባቢው ሕዝብ አማራ፥ አርጎባ፥ ኦሮሞና አፋር ሲሆን፥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ጉርብትና ዘመን የጠገበ ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት በዚህ አገር አቆመ፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚሁ ምድር ዘመቱ። ከዚያ ወዲህ የገዢው ሃይማኖት ቢለዋወጥም ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል።

ከእነዚህ ገበያዎች ስሙ የገነነው እሑድ የሚውለው የሰንበቴ ገበያ ነው። ደገኛው እህሉንና በጉን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላውን፥ ሽንኩርቱንና ሎሚውን ያቀርባል፤ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱንና ግመሉን ይነዳል። ዶሮ እግሩ በልጥ ታስሮ፥ ሁለት ሁለት እየሆነ ተዘቅዝቆ ይመጣል። ገዢው ደረቱን ዳብሶ ሥጋውን ይመዝናል፥ ክንፉን ገልጦ ያያል፥ ዋጋ ይከራከራል። የሻጩን ሃይማኖት ግን ማንም አይጠይቅም። በሕይወት ያለ ዶሮ ሃይማኖት የለውምና። ሃይማኖት የሚኖረው ከቢላዋው በኋላ ነው።

በአማርኛ ለመብል ማረድ «መባረክ» መባሉ ይህን ነገር በደንብ ይገልጸዋል። ክርስቲያኑ ዶሮውን በልማድ ወደ ምሥራቅ አዙሮ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይባርካል። ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ «ቢስሚላሂ፥ አላሁ አክበር» ብሎ ያርዳል። መካ ከሸዋ ሮቢት በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለሆነች (ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል)፥ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ዶሯቸውን ሲያርዱ የአንዱ ፊት ከሌላው ፊት ማዕዘን ይሠራል። ከዚህ ሌላ በድርጊቱ ብዙ ልዩነት አይገኝም። ቢላዋው ስለት ያለው መሆን አለበት፥ ደሙ ፈጽሞ መፍሰስ አለበት፤ ደምና የታነቀ እንስሳ በሁለቱም ዘንድ የተከለከለ ነው።

ሆኖም አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። ይህን ክልከላ ከመጻሕፍት ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይቸገራል። በቁርኣን የማእዳ ምዕራፍ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ ለሙስሊም ይፈቅዳል፤ ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ባደረጉት ጉባኤ ከአሕዛብ ላመኑት ያዘዙት ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደምና ከታነቀ እንዲርቁ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሁለቱ ወገን እርድ የተለያየው በሕግ አስገዳጅነት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ማንነቱን የሚያውቅበት ምልክት ስላደረገው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአለባበስ፥ በቋንቋና በእርሻ ሥራ እጅግ የሚመሳሰሉ ጎረቤታሞች በሥጋ ብቻ ይለያያሉ። በከተማም ሥጋ ቤቶች ይህንኑ ድንበር ለማሳየት በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ይሥላሉ።

ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው ወንድ በሌለበት ቤት ነው። በልማድ ሴት አትባርክም። በእስልምና ሕግ የሴት እርድ የተከለከለ ባይሆንም ልማዱ ለሙስሊሟም ያው ነው፤ ቢላዋ የወንድ ሥራ ነው ይባላል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም ወደ ሥራ የሄደባት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን በአንድ እጅ፥ ቢላዋዋን በሌላ እጅ ይዛ ከደጇ ትቆማለች። የሚያልፍ ወንድ ስታይ «ወንድሜ፥ ይቺን ባርክልኝ» ትላለች፤ ሽማግሌም ከሆነ «አባባ፥ ይባርኩልኝ» ትለዋለች። ልጅ እግር ጎረምሳም ቢሆን ይበቃል፤ የሚፈለገው ዕድሜ ሳይሆን ወንድነትና ሃይማኖት ነው። በደጋው፥ መንገደኛው ሁሉ ማለት ይቻላል ክርስቲያን በሆነበት፥ ይህ ልመና ቀላል ነው። በሸዋ ሮቢት ግን ሴቲቱ አስቀድማ ስሙን መጠየቅ ወይም የአንገቱን ማተብ ማየት አለባት፤ መንገደኛውም ስሟን ይጠይቃታል። ሙስሊም ሆኖ ከክርስቲያን ሴት ደጅ ቢደርስ አይቆጣም፥ አያልፋትምም፤ «እኔስ አልሆንሽም፥ ቆይ ልጥራልሽ» ብሎ ከመንደሩ ክርስቲያን ልጅ ፈልጎ ይልክላታል። በሌላውም ወገን እንዲሁ ነው። ባራኪው ዋጋ አይቀበልም፤ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ምስጋና ይበቃዋል።

ይህ ትንሽ የሚመስል አገልግሎት የሚቆመው ሰው በሌላው ደጅ ሳይፈራ ማለፍ ሲችል ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፤ በብዙ ቤትም ወንድ ታጣ። ከዚህ በኋላ በደጃፍ የሚቀርበው «ስምህ ማነው?» የሚል ጥያቄ ቀድሞ የማያውቀውን ክብደት ሊሸከም እንደሚችል ግልጽ ነው። ለማብሰል ሲባል የሚጠየቅ ስም አለ፤ ለሌላም ነገር የሚጠየቅ ስም አለ። ስለ ጎረቤታሞች መታረቅ የሚያጠና ሰው ከሽማግሌዎች ጉባኤ ሌላ የበዓል ዋዜማን ደጃፍ ቢመለከት ብዙ ይማራል።

በሠርግና በትልልቅ ግብዣ ችግሩ የሚፈታው በመለየት ነው። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ፍየሉንና ዶሮውን በነፍሱ ያስረክባል፤ የራሳቸው ሰው ያርደዋል፥ የራሳቸው ሴቶች በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ ይህንኑ ያደርጋል። ሽንኩርቱ፥ በርበሬው፥ ቅቤው፥ እንጨቱም ከአንድ ጎተራ ሊወጣ ይችላል። ድስቱና ማማሰያው ግን አይቀላቀልም። ይህን መለየት መናናቅ አድርጎ የሚያይ የውጭ ሰው ይሳሳታል፤ ደጋሹ ሁለት ማጀት ማቆሙ ወጪ ነው፥ ወጪውም የእንግዳው ክብር ነው።

ወደ ድስቱ እንመለስ ቢባል፥ ዶሮው ከተባረከ በኋላ በፈላ ውሃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፤ ቀሪው ጠጕር በነበልባል ይለበለባል፥ ቆዳውም ይገፈፋል። የአውሮፓ ጥብስ ኩራቱ የጠበሰ ቆዳው ሲሆን የወጡ ዶሮ ቆዳ አልባ መሆኑ የሁለቱን አሠራር ርቀት ያሳያል። ከዚያ 12 ብልት ይወጣለታል። አጥንት አይሰበርም፤ ቢላዋው መጋጠሚያውን ፈልጎ ይለያል። ታፋ፥ ቅልጥም፥ ክንፍ፥ መላላጫ፥ አንገትና ፈረሰኛ ከስሞቹ የታወቁት ናቸው፤ የቀሩት አጠራራቸው ከቤት ወደ ቤት ይለያያል። ክርስቲያኑ ቍጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር ማያያዝ ይወዳል፤ ይሁን እንጂ ብልት አወጣጡ የሴት ሙያ መለኪያ ሆኖ የኖረ ነው። ብልቱ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። የቆላው ሎሚ እዚህ ላይ ያገለግላል።

የወጡ ልብ ሽንኩርቱ ነው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይከተፋል፥ እጅግም ይደቅቃል። ሽንኩርት ከመቶ 89 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፥ ድስት ውስጥ ያለ ቅባት ሲቁላላ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ውሃ መስጠት ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ግለቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም፤ ሲያልቅ ግን ስኳሩ መቅላት፥ ጣዕሙም መለወጥ ይጀምራል። ትዕግሥት የሌላት ሴት ቁሌት ነጣ ብሎ ይቀራል፥ ወጡም ውሃና ሽንኩርት ሆኖ ይለያያል። አሮጊቶች ትንሹን የሐበሻ ሽንኩርት የሚመርጡት በምክንያት ነው፤ ከመስኖው ከሚገኘው ከትልቁ ቦምቤ ሬድ ይልቅ ውሃው ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይወፍራል። በገበያው ግን ያሸነፈው ትልቁ ነው፤ መክተፉም ይቀላል።

ሽንኩርቱ ከቀላ በኋላ ቅባትና በርበሬ ይገባሉ። የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነውና፥ በርበሬው በቅባት መብሰል አለበት፤ እንዳያርም ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይማሰላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። በመጨረሻ ብልቱ ይገባል፥ ንጥር ቅቤው ይጨመራል፥ እሳቱም ይቀነሳል። ውሃ በሸዋ ሮቢት በ96 ዲግሪ ግድም ሲፈላ በደብረ ብርሃን፥ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፥ በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በዚህም ምክንያት አንዱ ዶሮ በቆላው ማጀት ፈጥኖ፥ በደጋው ዘግይቶ ይበስላል። እየጫረ ያደገ የሐበሻ ዶሮ ጅማቱ እስኪሟሟ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፥ የወጡንም ውፍረት ይጨምራል። በፋብሪካ መኖ ያደገው የፈረንጅ ዶሮ በዚያው እሳት ቢቈይ ግን ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ 12ቱ ብልት ተቈጥሮ መቅረብ ስለማይችል ለብዙ እናቶች ይህ ዶሮ ለወጥ አልተፈጠረም። ለአሮስቶ ግን የሚስማማው እርሱ ነው። ወጡ ሊወጣ ሲል መከለሻው ይነሰነሳል፤ የተቀቀለ እንቁላልም ወጡ እንዲገባው ዙሪያውን ይጫርና ይጨመራል።

ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረው እንግዳ ይቀርባል። አባወራ በሌለበት ቤት ለታላቁ ልጅ ይሰጣል፤ በእርሱም ዕድሜ ትንሽነት የተነሣ ሳህኑ ላይ ሳይነካ ቀርቶ እናቲቱ ለልጆቹ የምታካፍልበት ጊዜ አለ።

የመብያው ቀን በጾም የተወሰነ ነው። በክርስቲያኑ 55 ቀን የዐቢይ ጾም የዶሮ ፈላጊ ይቀንሳል፥ በፋሲካ ዋዜማ ዋጋው ይወጣል። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል፤ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2፥ ተጀመሩ። እንዲህ ባለ ወቅት የሙስሊሙ ድስት ለማታ ሲጣድ የክርስቲያኑ ድስት ሽሮ ብቻ ይዞ ይቈያል። ሽሮው ግን ባራኪ የለውምና ያለ ጥያቄ በአጥሩ ላይ ይተላለፋል። ቡናም፥ ማርም፥ ወተትና ቅቤም እንዲሁ ናቸው። እንቁላል ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ጥሬው ወይም በውሃ የተቀቀለው ከማንም ቤት ወደ ማንም ቤት ይሄዳል፤ ከዶሮው ወጥ ውስጥ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን ያው እንቁላል የባራኪውን ሃይማኖት ይይዛል፥ ከአጥሩም አይሻገርም። ስለዚህ በፋሲካ ጧት ለሙስሊም ጎረቤቷ ልጆች እንቁላል የምትልክ እናት፥ ሌሎቹን ወደ ድስቱ ከመጨመሯ በፊት የእነርሱን ድርሻ ለይታ በሳህን ታስቀምጣለች።